ባትሪው ሳይሆን ኬብሉ ነው፦ የትንሽ አውሮፕላን የባትሪ ኬብል ስለመቀየር

እዚህ ቨርጂኒያ ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው አሉ። ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተካፍለው የገዟት ፓይፐር ቸሮኪ 180 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አለቻቸው። ጥር ላይ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ባትሪዬ ነው። ጠዋት ፕሮፔለሩ ግማሽ ዙር ይዞርና ቀጥ ይላል። አራተኛ ልግዛ ወይስ ሞተሪኖውን ላስቀይር?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ምንም አይግዙ፣ መጀመሪያ እንለካው" አልኳቸው። ቅዳሜ ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ።

ባትሪው ምንም አልሆነም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ደህና ነበር። የታመመው በሁለቱ መካከል ያለው ነገር ነው፤ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ወፍራም ኬብል። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። አውሮፕላን የሌላችሁም አንብቡት፣ ምክንያቱም ነገሩ የመኪናችሁም የቤታችሁም ነገር ነው።

ከምጣድ ልጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ያደገ ሰው ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ያውቃል። ገመዱ መሀል ላይ ብዙም አይቃጠልም። የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ መገናኛው ላይ ነው፤ ሶኬቱ የላላበት፣ ሽቦው በቡሎን የታሰረበት ቦታ። ምጣዱ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፒር ቢስብ ነው። መገናኛው ላይ ትንሽ እንቅፋት ካለ ያ 16 አምፒር እንቅፋቱን አልፎ ለመሄድ ሲታገል ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ደግሞ በአምፒሩ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ በአምፒሩ ስኩዌር ነው። አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። የቸሮኪ ባትሪ 12 ቮልት ነው። ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ ያን ትልቅ ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ለማዞር አምፒሩ ብዙ መሆን አለበት። ሞተሪኖው ሲዞር 200 አምፒርና ከዚያም በላይ ይስባል። በብርድ ቀን፣ ዘይቱ ወፍሮ፣ ይብሳል። እንግዲህ የምጣዱን 16 አምፒር ከ200 ጋር አስተያዩት። ያው አንድ ዓይነት የላላ መገናኛ እዚህ ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ሙቀት ያመነጫል። ደግነቱ ጊዜው አጭር ነው፣ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ሞተሩ አልነሳ ብሎ ደጋግማችሁ ስትሞክሩ ግን አጭር መሆኑ ይቀራል።

ስለ ሙቀት ብቻ አይደለም። እንቅፋቱ ቮልትም ይበላል። አንድ መገናኛ ላይ 5 ሚሊ ኦም እንቅፋት አለ እንበል። አንድ ሚሊ ኦም የኦም አንድ ሺህኛ ነው፣ ተራ ቴስተር ኦም ላይ አድርጋችሁ ብትለኩት ዜሮ ነው የሚላችሁ። በ200 አምፒር ግን ያ 5 ሚሊ ኦም አንድ ሙሉ ቮልት ይበላል፣ 200 ዋት ሙቀትም እዚያው መገናኛ ላይ ይጥላል። ሁለት የድሮ መቶ ሻማ አምፖሎች በአውራ ጣት በሚያህል ቁራጭ ብረት ውስጥ ታጭቀው ሲበሩ አስቡት። እንዲህ ያለ መገናኛ ሦስት ካላችሁ ሦስት ቮልት ሄደ ማለት ነው። ባትሪው ደግሞ ያለው 12 ብቻ ነው፤ ሞተሪኖው ሲስበው እሱም ወደ 11 ይወርዳል። ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 8 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል። ባለቤቱም "ባትሪው ሞተ" ይላል።

ይሄ ነገር በፓይፐሮች ላይ የሚበዛው በምክንያት ነው። ፓይፐር ቸሮኪን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ፣ ቬሮ ቢች ላይ መሥራት ሲጀምር በብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪውን ከኋላ አስቀመጠው፤ እንደ ሞዴሉ ከኋላ መቀመጫ ሥር ወይም ከሻንጣ ቦታው ጀርባ። ከባድ ሞተር ከፊት ስላለ ከባድ ባትሪ ከኋላ ሲሆን ሚዛኑ ይስተካከላል። ችግሩ ኬብሉ መላውን ካቢን አቋርጦ እስከ ሞተሩ መሄድ አለበት። ሌላዋን ትንሽ አውሮፕላን ሴስና 172ን ብታዩ ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩና ካቢኑ መካከል ባለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ ነው፣ ስለዚህ ኬብሉ ክንድ አይሞላም። ትልቁ ወንድሟ ሴስና 182 ደግሞ እንደ ቸሮኪ ባትሪዋ ከኋላ ነው።

ረጅም ኬብል ከመዳብ ሲሠራ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ስለዚህ ፓይፐር አልሙኒየም መረጠ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ርካሽ ነገር አስገቡብን" ብሎ ይናደዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። አልሙኒየም መጥፎ አስተላላፊ አይደለም። ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር 61 በመቶ ያህል ያስተላልፋል፣ ክብደቱ ግን የመዳብ ሲሶ ነው። ከግድቦቻችን እስከ ከተማ ድረስ ኃይል የሚያመጡት የከፍተኛ መስመር ሽቦዎችም አልሙኒየም ናቸው። በመጠኑ ካወፈራችሁት ይሠራል። በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ቁጥር 2 መዳብ የሚሠራውን ለመሥራት አልሙኒየሙ ሁለት ቁጥር ወፈር ማለት አለበት። እንደዚያ ከሆነ ሦስት ሜትር ኬብል በ200 አምፒር ላይ መዳብም ሆነ አልሙኒየም የሚበላው ቮልት ያው 0.3 ገደማ ነው። በክብደት ደግሞ አልሙኒየሙ ለሦስት ሜትር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

እና ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ያው ምጣዱ ላይ እንዳየነው፣ ጫፉ ላይ።

አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው፣ ዓይን ከመርገብገብ በፈጠነ ጊዜ፣ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ይሄ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥንካሬውም ይገርማል፤ አልሙኒየሙ ራሱ በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ ሽፋኑ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ መገናኛው ሲሠራ ሽፋኑ በደንብ ተፍቆ፣ አየር የሚከለክል ቅባት ተቀብቶ፣ ወዲያው በኃይል መጨመቅ አለበት። ፋብሪካ ውስጥ ይሄ ተደርጓል እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ሃምሳ ዓመት አለፈ። አልሙኒየም ለስላሳ ነው፤ በቡሎን ጥብቅ አድርጋችሁ ስታስሩት ቀስ እያለ ከጭነቱ ሥር ይሸሻል። ሲሞቅ ከመዳብና ከብረት የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰባል። በእያንዳንዱ የሞተር ማስነሳት መገናኛው ትንሽ ይላላል። ሲላላ አየርና እርጥበት ይገባል። ነጭ ዱቄት ይፈጠራል። መዳብ ወይም ናስ ከአጠገቡ ካለና እርጥበት ከገባ ደግሞ ሁለቱ ብረቶች ራሳቸው እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆኑና የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። የባትሪ አሲድ ጭስ አጠገቡ እንዳለም አትርሱ።

በነገራችን ላይ ይሄ ታሪክ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1973 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ መዳብ ተወዶ ብዙ ቤቶች በአልሙኒየም ሽቦ ተሠሩ። በኋላ የሶኬትና የማብሪያ መገናኛዎች እየሞቁ እሳት አስነሱ። እዚህ አገር የዚያን ዘመን ቤት የምትገዙ ካላችሁ ይህንን ሳታስመረምሩ አትፈርሙ።

አሁን ዋናው ነገር። ኬብሉ መታመሙን እንዴት ታውቃላችሁ?

በዓይን መጀመር ጥሩ ነው፣ ግን በዓይን ብቻ አትመኑ። ነጭ ዱቄት፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ መሸፈኛ፣ ጫፉ ላይ ያበጠ ፕላስቲክ ካያችሁ ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው ዱቄቱ ውስጥ ሲሆን ነው። የኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ተርሚናል ቱቦ አለው፤ ሽቦው እዚያ ውስጥ ገብቶ ተጨምቋል፣ ላዩ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ከውጭ ያለውን ቀለበት ብትፍቁት ያበራል፣ ንጹሕ ይመስላል። ውስጡ ግን በልቷል። ብዙ ሰው ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ "ጸዳ" ይላል፣ ለሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ያው ነው።

እጅም ይረዳል። ሞተሪኖው ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላ፣ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ፣ መገናኛዎቹን ዳሰስ አድርጉ። ሁሉም ለብ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ከሞቀ ያ ነው። በጣም ሊሞቅ ስለሚችል በመጀመሪያ በእጅ ጀርባ ቀረብ አድርጉ።

ትክክለኛው ፈተና ግን በቴስተር የሚደረገው ነው፣ ያውም ሞተሪኖው እየሳበ። ኦም ላይ ሳይሆን ቮልት ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ ከመገናኛው በፊት፣ ሌላውን ከመገናኛው በኋላ ታስነካላችሁ፣ ሰው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ያዞራል፣ ቴስተሩ የሚያነበው በዚያ መገናኛ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ጤነኛ መገናኛ ላይ ከዜሮ ብዙ የራቀ ነገር አታዩም። ስትጀምሩ የባትሪውን ምሰሶ ራሱን ንኩ፣ ላዩ ላይ የታሰረውን ተርሚናል አይደለም፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን መገናኛ ሳትለኩ አለፋችሁት።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሞተሪኖው ሲዞር ፕሮፔለሩ ይዞራል። ሞተሩ ድንገት ከተነሳ ሰው ይገድላል። ካንዴላዎቹን እሳት የሚያስተፋው ማግኔቶ ነው። "ማግኔቶው ጠፍቷል" ብላችሁ አትተማመኑ፣ ምክንያቱም በቁልፍ የሚነሱት ላይ ቁልፉ ወደ ማስነሻው ሲዞር የግራው ማግኔቶ አብሮ ይከፈታል፤ ካልተከፈተማ ሞተሩ እንዴት ይነሳ ነበር። ስለዚህ ነዳጁ ይዘጋ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቁን የሚቆጣጠረው እጀታ) ሙሉ በሙሉ ይሳብ፣ ጎማው ይደገፍ፣ እኔ ደግሞ ከየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ አወጣለሁ፣ የቀሪዎቹንም ገመድ እነቅላለሁ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ያለዚህ ማንንም አላስጠጋም። ይሄን ለማድረግ ልምድ ከሌላችሁ መካኒክ ያድርገው፤ እናንተ ቁጥሩን ጻፉ።

የጋሼን ቸሮኪ እንዲህ ለካነው። ሞተሪኖው እየሳበ ባትሪው ምሰሶ ላይ 10.9 ቮልት ነበረ፣ ይህ ለብርድ ቀን መልካም ነው። ሞተሪኖው ጋ የደረሰው 8.2። የጠፋው 2.7 ቮልት የት ሄደ? ባትሪው ምሰሶ ላይ 0.05። ዋናው ሪሌይ ላይ፣ ማለትም ባትሪውን ከኬብሉ ጋር የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ላይ፣ 0.2። ከኋላ በኩል የአልሙኒየሙ ኬብል መነሻ ተርሚናል ላይ 1.3። በኬብሉ ርዝመትና በፊተኛው ጫፍ 0.4። የቀረው 0.75 በመመለሻው በኩል፣ ማለትም በማሳው። ጋሼ ቁጥሮቹን ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ነበር፤ 1.3 ስል ቀና ብለው አዩኝ። "ያቺ አንዲት ቀለበት ናት ሦስት ባትሪ ያስገዛችኝ?" አሉ።

ማሳውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበት። በእነዚህ አውሮፕላኖች የመመለሻው መንገድ የአውሮፕላኑ አካል ራሱ ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ አጭር ኬብል አካሉ ላይ ይታሰራል። ሞተሩ ግን የተቀመጠው ንዝረት እንዳያስተላልፍ በላስቲክ ላይ ነው። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ አካሉ የሚያገናኝ የተጎነጎነ ማሳ አለ። ይህ ማሳ ከተበጠሰ ወይም ከዛገ 200 አምፒሩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ምን መሰላችሁ? የጋዝና የሚክስቸር መቆጣጠሪያ ገመዶችን። እነዚህ ቀጫጭን ብረቶች ይግላሉ፣ ሽፋናቸው ይቃጠላል፣ አንዳንዴ ውስጥ ለውስጥ ይጣበቃሉ። አብራሪው የሚያውቀው አየር ላይ ጋዝ ልቀንስ ሲል እጀታው እንቢ ሲለው ነው። ፖዘቲቩን ኬብል በአዲስ ቀይሮ ማሳውን አሮጌውን የሚተው ሰው ሥራውን ግማሽ አድርጎ ነው የሄደው።

እንግዲህ መቀየር። የቸሮኪ ባለቤቶች የሚያደርጉት የአልሙኒየሙን አውጥቶ በመዳብ መተካት ነው። ለዚህ ተዘጋጅቶ የጸደቀ ኪት አለ። ዋሽንግተን ግዛት ያለው ቦገርት አቪዬሽን በዚህ ይታወቃል። ኬብሎቹ ተለክተው ተቆርጠው፣ ጫፋቸው በፋብሪካ ተጨምቆ ይመጣሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የወፍራም ኬብል ጫፍ በፒንሳ አይጨመቅም። ልክ የሆነ ተርሚናል፣ ልክ የሆነ መጭመቂያ ያስፈልገዋል። በእርሳስ ብየዳ ማያያዝም መፍትሔ አይደለም፤ እርሳሱ በሽቦዎቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሳብና ተጣጣፊውን ኬብል ዱላ ያደርገዋል፣ በንዝረትም እዚያው ይሰበራል። የመዳብ ተርሚናልን አልሙኒየም ሽቦ ላይ መጭመቅ ደግሞ በፍጹም አይደረግም።

ማን ነው የሚሠራው? የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ባለቤት የሆነ አብራሪ ራሱ እንዲሠራቸው የፈቀዳቸው ነገሮች በደንቡ ክፍል 43 ተዘርዝረዋል። ባትሪ መቀየር ትችላላችሁ። የማረፊያ መብራት የተበጠሰ ሽቦም መጠገን ትችላላችሁ። የባትሪ ኬብል ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ፈቃድ ያለው መካኒክ ቆሞ እያየ መሥራት ይፈቀዳል፣ የሚፈርመውና የሚጠየቀው ግን እሱ ነው። ከአልሙኒየም ወደ መዳብ መሄድ የአውሮፕላኑን የመጀመሪያ ንድፍ መለወጥ ስለሆነ የጸደቀው ኪት ኤስቲሲ የሚባለው የንድፍ ለውጥ ፈቃድ አብሮት ይመጣል፤ ፎርም 337 ይሞላል፣ የምርመራ ሥልጣን ያለው ሰው ይፈርማል፣ አንዱ ቅጂ ከእናንተ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ኤፍኤኤ ይላካል። ወረቀቱን የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ያችን አውሮፕላን የሚከፍተውን መካኒክ አስባለሁ፤ ውስጧ ምን እንዳለ የሚነግረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበ አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሥራው ራሱ ከሚያስፈራው በላይ አሰልቺ ነው። መቀመጫ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይነሳል፣ የጎን ሽፋኖች ይፈታሉ። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ባትሪው ነው፤ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ ሲመለስ መጨረሻ ላይ ይታሰራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መላው አካል ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፋችሁ አካሉን ከነካ ባትሪው በቁልፋችሁ በኩል ይዘጋል፣ ቁልፉ እዚያው ይበየዳል። ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ብትነኩም ምንም አይሆንም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ይህን ሺህ ጊዜ ሰምታችኋል፣ ግን ባትሪ ላይ ቀለበቱ የጋለበትን ጣት ያየ ሰው ድጋሚ አይረሳም።

አሮጌው ኬብል ከመሳቡ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ይታሰር። ኬብሉ ሲወጣ ሲባጎው መንገዱን ይይዛል፣ አዲሱም በዚያው ይሳባል። ሲሳብ ብረቱን በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ላስቲክ መከላከያው መኖሩን እዩ። የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት። ይሄን የማጠብቀው በምክንያት ነው፤ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ኬብል ፊውዝ የለውም። አብዛኛው ሌላ ሽቦ ፊውዝ ወይም ሰርኪት ብሬከር አለው፣ ይሄ የለውም። የአልሙኒየም ቆርቆሮ ጠርዝ በንዝረት መሸፈኛውን ፈግፍጎ መዳቡን ካገኘው የሚያቆመው ነገር የለም፤ እንደ ብየዳ ነው የሚሆነው፣ ያውም ከነዳጅ ቱቦ አጠገብ። ዋናው ሪሌይ ከባትሪው ጎን የተቀመጠውም ለዚሁ ነው። አብራሪው ዋናውን ማብሪያ ሲያጠፋ ከሪሌዩ ወዲህ ያለው ረጅም ኬብል በሙሉ ሕይወት ያጣል። ከባትሪው እስከ ሪሌዩ ያለችው አጭር ቁራጭ ግን ሁልጊዜ ሕያው ናት፣ ስለዚህ የላስቲክ ቆቧን ሳታለብሱ አትሂዱ።

ኬብሉ በየቦታው በላስቲክ በተሸፈነ የብረት ማቀፊያ መያዝ አለበት። ከነዳጅ ቱቦ ጋር አይታሰር። ከወለሉ ሥር የሚሄዱት የጭራው መቆጣጠሪያ ገመዶች እንዳይነኩት አርቁት፣ ከዚያም ሰው ኮክፒት ውስጥ ገብቶ መሪውን እስከ ጫፍ ድረስ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅስ፣ እናንተ ከታች ሆናችሁ እዩ።

ማሳው የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። ከተፋቀ በኋላ ቡና ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ፤ ኦክሳይዱ አይጠብቅም። ወዲያው እሰሩት፣ በትክክለኛው ኃይል አጥብቁት፣ ከዚያ ከላይ እርጥበት እንዳይገባ ሸፍኑት። ሮንዴላዎቹንም አዲስ አድርጉ፣ ዋጋቸው ሳንቲም ነው። ሪሌዩ አርጅቶ ከሆነም አብሮ ቢቀየር እመክራለሁ፣ ሁሉም ነገር ተከፍቷልና።

መዳቡ ትንሽ ስለሚከብድ የክብደትና ሚዛን ወረቀቱ ይስተካከላል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ መጻፉ ግን ግዴታ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ሁሉም ቸሮኪ ኬብል ይቀየርለት አልልም። ለክታችሁ በጠቅላላው የጠፋው ቮልት ከግማሽ እስከ አንድ ቮልት መካከል ከሆነ አልሙኒየሙን ተዉት፣ በየዓመቱ ምርመራ ጊዜ ለኩት፣ ቁጥሩን ጻፉ። እኔ ፍለጋ የምጀምረው አንድ ቮልት ሲያልፍ ነው። ችግሩ ማሳው ላይ ብቻ ከሆነ ማሳውን ብቻ ሠርታችሁ ልትድኑ ትችላላችሁ። "ሞተሩ ማግኔቶ ስላለው ያለ ባትሪም ይሄዳል" የሚለውን ንግግር ግን አልወደውም። እውነት ነው፣ አየር ላይ ሞተሩ አይጠፋም። ግን ይህ መገናኛ የዲናሞው ቻርጅ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድም ነው። ማታ፣ ደመና ውስጥ፣ ዲናሞው ቢበላሽ ሬዲዮውንና መብራቱን የሚይዘው ያ በደንብ ያልተሞላ ባትሪ ነው።

የጋሼን ኬብል ከአንድ ፈቃድ ካለው ወዳጄ ጋር በሁለት ቅዳሜ ጨረስነው። ተመሳሳይ ባትሪ፣ ተመሳሳይ ሞተሪኖ። ስንለካ ባትሪው 11፣ ሞተሪኖው ጋ 10.3። ፕሮፔለሩ ሳያመነታ ዞረ። ከዚያ አሮጌውን ኬብል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያቺን 1.3 ቮልት የበላች ተርሚናል በሴጌቶ ለሁለት ሰነጠቅኳት። ከውጭ የምታበራ ነበረች። ውስጧ ሽቦው ግራጫ ሆኖ፣ መካከሉ ነጭ ዱቄት ሞልቶ፣ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል። ጋሼ ዱቄቱን በጣታቸው አሻሽተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "እነዚያን ሁለቱን ባትሪዎች በነፃ ነው የሰጠሁት" አሉ በመጨረሻ። ሦስተኛው ባትሪ እስካሁን አውሮፕላኗ ላይ ነው።